ጡንቻዬን ማን በላው?

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል። መስቀል አደባባይ ገና ድንግዝግዝ ነው፣ ደረጃው ግን ሞልቷል። ከታች ወደ ላይ የሚሮጥ አለ። በአንድ እግሩ እየዘለለ የሚወጣ አለ። አሰልጣኝ በፊሽካ የሚነዳው ቡድን አለ። ጥግ ይዞ ስልኩን የሚነካካም አይጠፋም። እኔና ጓደኛዬ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ወገን ነን።

በቀደም ይሄው ጓደኛዬ ሁለት ዙር ወጥቶ ወረደና አጠገቤ ተቀመጠ። ክንዱን ጨመቅ አድርጎ አሳየኝ። «አየኸው? ሟሟ እኮ። ኮርቲዞል ነው የበላኝ» አለ። ስንጨነቅ ሰውነታችን የሚረጨውን ሆርሞን ማለቱ ነው። ካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። አለቃው ያስጨንቀዋል፣ የቤት ኪራይ ጨምሮበታል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ግማሽ ዕድሜው አልቋል። ስልኩ ላይ ደግሞ በየቀኑ ስለ ኮርቲዞል የሚያስፈራሩ ቪዲዮዎች ይመጡለታል። ፊትህ ያበጠው በኮርቲዞል ነው፣ ቦርጭህ የኮርቲዞል ነው፣ ጡንቻህን የጨረሰው ኮርቲዞል ነው፤ መፍትሔው ደግሞ ይሄ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ሊያዝ ተቃርቦ ነበር።

ነገሩ ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ኮርቲዞል ጡንቻ ያፈርሳል። ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ለምን እንደሚያፈርስ፣ ማን ሲፈቅድለት እንደሚያፈርስና ማን እንደሚያስቆመው ካላወቅን ሌባውን ትተን ዘበኛውን እናባርራለን።

ከጎተራው እንጀምር። ጡንቻን የምናስበው በጉልበቱ ነው። ዕቃ ያነሳል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ሸሚዝ ያሳምራል። ሰውነት ግን ሌላም ነገር ያይበታል። ጡንቻ ከክብደታችን 40 በመቶ ገደማ ነው፣ ከሰውነታችን ፕሮቲንም ከግማሽ በላዩ እዚያ ነው ያለው። የክፉ ቀን ጎተራ ማለት ነው። አንጎላችን በቀን 120 ግራም የሚሆን ስኳር ይፈልጋል። እህል አልገባም ብሎ ሥራውን አያቆምም። ጉበት ውስጥ የተቀመጠው ስኳር አንድ ቀን ቢያቆይ ነው። ስብ ደግሞ ብዙ ቢሆንም ወደ ስኳር የሚቀየረው እዚህ ግባ አይባልም። ታዲያ ከየት ይምጣ? ጡንቻ ይፈርሳል፣ ፕሮቲኑ የተገነባበት ጡብ፣ አሚኖ አሲድ፣ በደም ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ጉበት ስኳር ያደርገዋል። ይሄ ሥርዓት ባይኖር አያቶቻችን አንድ ድርቅ ባላለፉ ነበር።

ደግሞ መፍረስ ሁሌም ያለ ነገር ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም ፕሮቲን ያፈርሳል፣ ያንኑ ያህል ይሠራል። የምንበላው ከዚያ በጣም ያንሳል። ቀሪው ከፈረሰው ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ጡንቻዬ እየፈረሰ ነው» ማለት ብቻውን ዜና አይደለም። ጥያቄው የሚፈርሰው ከሚሠራው በልጧል ወይ ነው።

እንዴት እንደሚፈርስ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ እዚያ የተመላለሰ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ቤት ከመፍረሱ በፊት ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግበታል። አፍራሹ ሲመጣ ማን እንደኖረበት አይጠይቅም፣ ምልክቱን ነው የሚያየው። ሕዋስ ውስጥም እንደዚያው ነው። መፍረስ ያለበት ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን የምትባል 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ትለጠፍበታለች። በላይዋ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ እየተቀጠለ ሰንሰለት ይሆናል። ሰንሰለቱን ያየው አፍራሽ ፕሮቲያዞም ይባላል። በርሜል ይመስላል። ምልክት የተደረገበትን ፕሮቲን ጎትቶ ያስገባና ይቆራርጠዋል። ምልክቷ ግን አትቆረጥም፤ ተነቅላ ለሚቀጥለው ታገለግላለች። የተቆራረጠውም አይጣልም። የፈረሰ ቤት ቆርቆሮና ብረት ምናለሽ ተራ ገብቶ ለሌላ ቤት እንደሚውለው ሁሉ አሚኖ አሲዱ እንደገና ፕሮቲን ይሆናል፣ ወይ ጉበት ይወስደዋል። ይሄን የምልክት ሥርዓት ያገኙት አሮን ሲካኖቨር፣ አቭራም ኸርሽኮና ኢርዊን ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2004 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት።

በርሜሉ ሙሉውን የጡንቻ ክር እንዳለ መዋጥ አይችልም። ጣሪያው ሳይነሳ ግድግዳው አይገፋምና ሌሎች ኢንዛይሞች ቀድመው ክሩን ይፈቱታል። ሕዋስ አሮጌ ዕቃውን በከረጢት ጠቅልሎ የሚፈጭበት ሌላ መንገድም አለው። እሱን እዚህ አላነሳውም፣ ቀኑ አይበቃም።

ምልክቱን የሚለጥፈው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2001 ተመራማሪዎች ጡንቻ ሲመነምን ብቻ ሥራ የሚበዛባቸው ሁለት ለጣፊዎች አገኙ። አንዱ አትሮጂን-1፣ ሌላው ሙርፍ-1 ተባለ። እነዚህ የሌሏቸው አይጦች የእግራቸው ነርቭ ተቆርጦ ጡንቻው ሥራ ሲፈታ የጠፋባቸው ጡንቻ ከሌሎቹ አነሰ። በጣም የገረመኝ ግን ይሄ አይደለም። የተራበ አይጥ፣ ስኳር በሽታ ያለበት አይጥ፣ ካንሰር ያለበት አይጥ፣ ኩላሊቱ የደከመ አይጥ ጡንቻቸው ሲመረመር ለጣፊዎቹ ያው ሁለቱ ሆነው ተገኙ። በሽታው ሌላ ሌላ ነው፣ የማፍረሻ ቢሮው አንድ ነው።

ወደ ቢሮው ደብዳቤ የሚጽፉት ሆርሞኖች ናቸው። ኮርቲዞል የሚመጣው ከኩላሊት በላይ ቆብ መስላ ከተቀመጠችው አድሬናል እጢ ነው። አንጎል ያዛል፣ እጢዋ ትለቃለች። ሕዋስ ግድግዳ አያግደውም፤ ዘልቆ ይገባል፣ ከተቀባዩ ጋር ይያያዛል፣ ወደ ሕዋሱ አስኳል ሄዶ ለጣፊዎቹ እንዲበዙ ያዛል። በዚያው ላይ አዲስ ፕሮቲን የሚሠራውን ክፍል ያቀዘቅዛል። የፈረሰው ቶሎ አይተካም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ደግሞ ፈጣኑና ጉልበተኛው የጡንቻ ክር ነው፣ ከወንበር ብድግ የሚያደርገን ዓይነት።

በሌላ በኩል ኢንሱሊን አለ። እኛ ኢንሱሊንን የምናውቀው በስኳር ነው፣ ለጡንቻ ግን ዋናው ዘብ እሱ ነው። ምግብ ሲገባ ከቆሽት ይለቀቃል። ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ፎክሶ የሚባል የማፍረሻ አዛዥ አለ። አዛዡ አስኳል ውስጥ ካለ ለጣፊዎቹ ይበዛሉ። ኢንሱሊን ሲደርስ ግን ከአስኳሉ ያስወጣዋል፣ በሩ ይዘጋበታል። ይሄ ዘብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የድሮ ሐኪሞች በዓይናቸው አይተውታል። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት አንደኛው ዓይነት ስኳር የያዛቸው ልጆች ቆዳና አጥንት ሆነው ነበር የሚሞቱት። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን 14 ዓመቱ ነበር። ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ። የጤነኛ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ክብደት ማለት ነው።

እንግዲህ የቪዲዮዎቹ ሰዎች የማይነግሩን ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ኮርቲዞልና ኢንሱሊን ለየብቻቸው አይሠሩም። አድሬናል እጢያቸው የወጣ እንስሳት ላይ ተሞክሯል። ደማቸው አሲድ ሲበዛበት፣ በሌላ ጊዜ ጡንቻ ማፍረስ የነበረበት ሁኔታ፣ ጡንቻቸው እንደ ወትሮው አልፈረሰም። ሆርሞኑ በመርፌ ሲመለስላቸው መፍረሱም ተመለሰ። ኮርቲዞል እዚህ ላይ አፍራሽ ብቻ አይደለም፣ ፈቃጅ ነው። በልኩ ሲኖር በሩን ገርበብ ያደርጋል። ኢንሱሊን ካለ ማንም አይገባም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሕዋስ አልሰማም ሲለው ግን ያው ልከኛ ኮርቲዞል በቂ ይሆናል። ስለዚህ «የኮርቲዞልህ መጠን ስንት ነው?» ከሚለው ይልቅ «በልተሃል? እየሠራህበት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

መጠኑም ቢሆን ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ንጋት ላይ፣ ስንነቃ አካባቢ፣ ጣራ ይነካል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ወለል ላይ ነው። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ያ ሁሉ ሰው የሚሮጠው ኮርቲዞሉ ከፍ ባለበት ሰዓት ነው። ማንም አልሟሟም።

ሌላው የጭንቀት ሆርሞን አድሬናሊን ነው፣ እሱ ደግሞ ያልጠበቅነውን ያደርጋል። ልብ የሚያስመታ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ታክሲ ሊገጨን ሲል የሚረጨው። ጡንቻ ላይ ሲደርስ መፍረስን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ክለንቡተሮል የሚባለው መድኃኒት ይሄንኑ መንገድ ስለሚነካ ነው አንዳንድ የሰውነት ቅርጽ ሠሪዎች የሚወስዱት። ልብ ላይ የሚያመጣው ጣጣ ቀላል አይደለም፣ በስፖርትም ክልክል ነው። «ስትሬስ ጡንቻ ይበላል» የሚለው አባባል እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሠራተኞችን አስገብቶ ነው የሚናገረው።

ስለ ጾም ሳልናገር ባልፍ ጂም ያሉት ልጆች አይለቁኝም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ያው ክርክር ነው። «55 ቀን ያለ ሥጋና እንቁላል? ጡንቻ ደህና ሰንብች!» እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ጉበቱ ውስጥ ያለው ስኳር ገና አላለቀም። ጎተራውን ጭራሽ አልነካም ማለት አይደለም፣ ግን ሲበላ ኢንሱሊኑ ይነሳል፣ በሩ ይዘጋል፣ የጎደለው ይሞላል። ምንም ሳይበላ ለቀናት የቆየ ሰው እንኳን መፍረሱ እየጨመረ አይሄድም። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ በቀን 75 ግራም ገደማ የጡንቻ ፕሮቲን ይፈርሳል። ሳምንታት ሲያልፉ ወደ 20 ግራም ይወርዳል። ጉበት ከስብ ኪቶን የሚባል ሌላ ነዳጅ ይሠራና አንጎል ስኳሩን ይቀንሳል። የታይሮይድ ሆርሞንም ዝቅ ይላል፣ ሰውነት ወጪ ይቆጥባል። ሰውነት ጎተራውን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ጾም ላይ የሚያሳስበው ሰዓቱ ሳይሆን ሳህኑ ነው። ቀኑን ጾሞ ማታ በፓስታና በዳቦ የሚፈታ ሰው ፕሮቲኑ ያንስበታል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ያለበት በያይነቱ ግን አይናቅም። ጤፍ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ደግሞ ይሄ ሞልቶታል። እንጀራን በሽሮ ያጣመሩት እናቶቻችን ኬሚስትሪ አልተማሩም፣ ግን አልተሳሳቱም።

ወደ ጓደኛዬ አለቃ እንመለስ። የዕለት ጭንቀት ኮርቲዞልን ያነሳል? አዎ። አለቃ ሲጮህ፣ ፈተና ሲገባ፣ ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ ይነሳል። ግን አንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይወርዳል። ጡንቻ የሚያቀልጠው መጠን ሌላ ነው። ሃርቬይ ኩሺንግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል ስለ እሱ የጻፈው። አንጎል ሥር ባለች እጢ ላይ እብጠት በቅሎ ኮርቲዞል ቀንም ሌሊትም የሚፈስባቸው ሰዎች ፊታቸው ይከብባል፣ ሆዳቸው ይገፋል፣ ጭናቸውና ክንዳቸው ይቀጥናል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታቸዋል። ቪዲዮ ሠሪዎቹ የዚህን ከባድ በሽታ መልክ ወስደው ቢሮ ለደከመው ሁሉ አለበሱት።

የዕለት ጭንቀት ጡንቻን የሚያገኘው በጓሮ በር ነው። የተጨነቀ ሰው ሥራ ይቀንሳል፣ ምግብ ይረሳል፣ ከሁሉም በላይ አይተኛም። እንቅልፍ ላይ ያለው መረጃ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት 13 ወጣቶች አንድ ሌሊት ሙሉ እንዳይተኙ ተደረገ። በማግስቱ ጡንቻቸው አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበት ፍጥነት በ18 በመቶ ቀነሰ፣ ኮርቲዞላቸው በ21 በመቶ ጨመረ። አንድ ሌሊት ብቻ! ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሌላ ጥናት ክብደት የሚቀንሱ ሰዎች ለሁለት ሁለት ሳምንት አንዴ 8 ሰዓት ተኩል፣ አንዴ 5 ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ እንዲሆኑ ተደረገ። ምግቡ ያው ነው። የቀነሱት ኪሎም ተቀራራቢ ነው። ትንሽ በተኙበት ጊዜ ግን ከስብ ውጭ ያለው የሰውነት ክፍላቸው 60 በመቶ ያህል በልጦ ጠፋ። ስቡ ቀረላቸው፣ ጡንቻው ሄደ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ከተማችን ውስጥ ጡንቻ በኮርቲዞል ሲያልቅ ካየሁ ያየሁት በጭንቀት አይደለም፣ በእንክብል ነው።

አራት ኪሎ የምትኖር አክስት አለችኝ። አስም አለባት። የዛሬ ሦስት ዓመት ሲብስባት ሐኪም ፕሬድኒሶሎን አዘዘላት፣ ለአጭር ጊዜ። ተሻላት። ከዚያ ትንሽ ባፈናት ቁጥር ባዶውን ማሸጊያ ይዛ ሰፈሯ ያለ መድኃኒት ቤት ሄዳ ታሳያለች፣ ይሰጧታል። ማዘዣ የጠየቃት አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። ፊቷ ሞላ። ጎረቤት «ወፈርሽ፣ ተስማማሽ» ይላታል፣ እሷም ደስ ይላታል። አንድ እሑድ ቡና አፍልታ ከበርጩማው ልትነሳ ስትል አቃታት። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ራሷን እየገፋች ተነሳች። ሳቀች። «እርጅና» አለች። 54 ዓመቷ ነው።

እርጅና አልነበረም። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ሰው ሠራሽ የኮርቲዞል ዘመዶች ናቸው። ብርታታቸው ከራሱ ከኮርቲዞል ይበልጣል፤ ፕሬድኒሶሎን 4 እጥፍ፣ ዴክሳሜታዞን 25 እጥፍ ገደማ። አስም፣ ሪህና ሉፐስ ላይ ሕይወት ያድናሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የኮርቲዞልን ቅርብ ዘመድ ኮርቲዞንን ያገኙትና ለሕክምና ያዋሉት ሰዎች ኖቤል የተሸለሙት በከንቱ አይደለም። ለወራት ሲወሰዱ ግን የማፍረሻ ቢሮው እረፍት አያገኝም። ምልክቱ የአክስቴ ነው። ሕመም የለውም፣ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ከጭንና ከትከሻ ይጀምራል። ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሳት፣ ታክሲ መሳፈር፣ ፀጉር ለመሥራት እጅ ከፍ ማድረግ ይከብዳል። ፊት ስለሚሞላ ደግሞ ማንም አይጠረጥርም።

ይሄን አንብቦ እንክብሉን ዛሬውኑ የሚጥል እንዳይኖር! ያ ከመውሰዱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲገባላት የከረመች እጢ የራሷን መሥራት ትታለች። ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል፣ የደም ግፊት ሊወድቅ፣ ሰው ሊሞት ይችላል። አክስቴንም ሐኪሟ ወራት ወስዶ ነው በጥቂት በጥቂቱ ያወረደላት። አስሟን አሁን በሚነፋ መድኃኒት ነው የምትቆጣጠረው።

ሌላው ጡንቻ የሚሄድበት መንገድ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግላስጎው ውስጥ ዴቪድ ከትበርትሰን የሚባል ሰው እግራቸው የተሰበረ በሽተኞችን ሽንት ይለካ ነበር። ፕሮቲን ሲፈርስ የሚወጣውን ናይትሮጅን ከተሰበረው አጥንት ልክ በላይ አገኘ። የጡንቻ ፕሮቲን ነው እየፈረሰ የሚፈሰው። ጉዳትና ኢንፌክሽን ኮርቲዞልን ያነሳሉ፣ የሰውነት መከላከያ የሚረጫቸው ኬሚካሎችም በላይ ይጨመሩበታል። ቲቢ የያዘው ሰው የሚከሳው ስላልበላ ብቻ አይደለም። በዚህ ላይ ቤተሰብ ይመጣል፦ «ተኛ፣ አትነሳ፣ እኛ እናመጣልሃለን።» ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሥራ የፈታ ጡንቻ ለኮርቲዞል ክፍት በር ነው። ሐኪም ካልከለከለ አጥሚቱን አልጋ ላይ ከማቀበል ወንበር ላይ አስቀምጦ ማጠጣት ይሻላል።

የሥራው ጉዳይ ከሆርሞኑ እኩል ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ልባቸው የተቀየረላቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። እነዚህ ሰዎች አዲሱን ልብ ሰውነታቸው እንዳይጥለው ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት፣ መውሰድ የግድ ነበረባቸው። ለስድስት ወር ክብደት ያነሱት የጠፋው ጡንቻቸው ተመለሰ፣ እንዲያውም ከነበረው በለጠ። ያላነሱት እየቀነሰባቸው ሄደ። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ሆርሞኑ ያው ነው። አክስቴም ከሐኪሟ የተሰጣት የቤት ሥራ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ነበር፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። አሁን ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሯ ትወጣለች። በርጩማው ላይ ግን አትቀመጥም፣ ተቀይማዋለች።

ይሄን ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ዱቄቱን ተወው፣ በልተህ ና፣ ደረጃውን ውጣ፣ ተኛ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ለመሆኑ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?»

«ስምንት ሰዓት።»

«ጎበዝ! ታዲያ ምን ሆንክ?»

አፉን ከፍቶ አዛጋ። «ስምንት ሰዓት ላይ ነው ያልኩህ። የኮርቲዞል ቪዲዮ ሳይ መሽቶብኝ።»